ጥጥ፣ የዱቤ መዝገብ እና 60 ሥዕሎች፦ የጥቁር አሜሪካውያን ገበሬዎች በደል በሠዓልያን እጅ

ስለ ዘር መድልዎ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው የከተማ አደባባይን፣ ሰላማዊ ሰልፍንና እስር ቤትን ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ግን ከአደባባዩ በፊት ማሳ አለው። በደሉ ለረጅም ዘመን የተፈጸመው በጥጥ ሚዛን፣ በዱቤ መዝገብና በመሬት ውል ነበር። ይህን በደል ለዓለም በግልጽ ካሳዩት መካከል ሁለት ሠዓልያን ይገኛሉ፤ አንዱ ጄኮብ ሎረንስ ሲሆን ሌላዋ ኤልዛቤት ካትሌት ናት። ሥራዎቻቸውን ለመረዳት የሥዕል ትምህርት አያስፈልግም፤ መሬት የእኩል አርሶ የሚያውቅ ወይም ሲታረስ ያየ ሰው ከብዙ የከተማ ተመልካች ይልቅ ፈጥኖ ይረዳቸዋል።

ሥዕሎቹን ከማየታችን በፊት ግን ውሉን ማየት ይገባል።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች ከባርነት ነጻ ወጡ። ነጻ ሲወጡ ግን መሬት አልተሰጣቸውም። መሬቱ በአብዛኛው በቀድሞ ጌቶቻቸው እጅ ቀረ። ነጻ የወጣው ገበሬ ጉልበት እንጂ በቅሎ፣ ማረሻና ዘር አልነበረውም። ስለዚህ ትናንት በባርነት ባረሰው መሬት ላይ የእኩል አራሽ ሆኖ ተመለሰ።

የእኩል፣ የሲሶ፣ የእርቦ የሚባሉ ውሎች ለእኛ ገበሬ እንግዳ አይደሉም። በእርግጥ ዛሬ በእኛ አካባቢ መሬቱን ለእኩል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በሬ ያጣ አዛውንት ወይም ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ ተቀባዩ ደግሞ በሬና ጉልበት ያለው ጎረቤት ነው። በአሜሪካ ደቡብ የነበረው ሥርዓት ከዚህ ይልቅ አያቶቻችን እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ለኖሩበት የጭሰኝነት ዘመን ይቀርባል። ባለመሬቱ መሬቱን፣ የእንጨት ጎጆውን፣ በቅሎውን፣ ዘሩንና መሣሪያውን ያቀርባል። ገበሬው ከነሚስቱና ከነልጆቹ ያርሳል፣ ይኮተኩታል፣ ጥጡን ይለቅማል። ምርቱ ለሁለት ይከፈላል።

እስከዚህ ድረስ ውሉ ፍትሐዊ ይመስላል። ጉዳቱ ያለው ከመዝራት እስከ ለቀማ ባሉት ወራት ነው። ገበሬው እስከ መኸር የሚበላውን ዱቄትና የሚለብሰውን ጨርቅ ከባለመሬቱ ሱቅ፣ ወይም ከባለመሬቱ ጋር ከሚሠራ ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጅ ሽያጭ ይበልጣል፤ በላዩም ከባድ ወለድ ይታሰባል። ምግቡን ራሱ እንዳያመርት ደግሞ ማሳው እስከ ጎጆው ደጃፍ ድረስ ጥጥ እንዲዘራበት ይገደዳል፤ ምክንያቱም ነጋዴው በመያዣነት የሚቀበለው ጥጥ ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚመዝነው ባለመሬቱ፣ የሚጽፈው ባለመሬቱ፣ የሚሸጠውም ባለመሬቱ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ገበሬው ብዙውን ጊዜ ዕዳ ይቀርበታል፤ ዕዳውን ሳይጨርስ ለመሄድ ቢሞክር በሕግም በጉልበትም ይያዛል።

ሒሳብ መጠየቅ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር የአርካንሳስ ግዛት ታሪክ ያሳያል። በ1919 በኢሌን ከተማ አቅራቢያ የነበሩ ጥቁር የእኩል አራሾች ማኅበር መሠረቱ። የጠየቁት የጥጣቸው ትክክለኛ ዋጋና የዱቤያቸው ዝርዝር ሒሳብ እንዲታይላቸው ነበር። በመስከረም ወር መጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሳለ ተኩስ ተነሣ። በተከታዮቹ ቀናት የታጠቁ ነጮች አካባቢውን አጥለቅልቀው እጅግ ብዙ ጥቁሮችን ገደሉ። 5 ነጮችም ሞተዋል። ክስ የተመሠረተው ግን በጥቁሮች ላይ ብቻ ነበር፤ 12ቱ ሞት ተፈረደባቸው። የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1923 ጉዳዩን ተመልክቶ የፍርድ ሂደቱን በመተቸቱ ሞቱ ቀርቶላቸው በኋላ ተፈትተዋል። የሁሉ ነገር መነሻ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ነበር፤ መዝገቡን አሳዩን።

በዚህ ላይ ነፍሳት ተጨመረበት። በ1892 ገደማ ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳስ የተሻገረ፣ ርዝመቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ አፍንጫው የረዘመ የጥጥ ነቀዝ በ1920ዎቹ የደቡቡን የጥጥ ምድር ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ይህ ነፍሳት የእኛ ጥጥና ሽንብራ አምራቾች ከሚያውቁት ጓይ ትል የተለየ ነው። ሴቷ የጥጡን እምቡጥ በአፍንጫዋ ወግታ ዕንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች፤ ትሉ እዚያው ተፈልፍሎ እምቡጡን ከውስጥ ይበላዋል፤ እምቡጡም ሳያብብ ይረግፋል። ትሉ በእምቡጡ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያድግ መርዝ ቢረጭ በቀላሉ አይደርስበትም። በሰብል ጥበቃ ትምህርት እንዲህ ያለውን ተባይ ከባድ የሚያደርገው ይህ መሸሸጉ ነው ተብለን ተምረናል።

አንድ አስገራሚ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። በአላባማ ግዛት ኢንተርፕራይዝ የምትባል ከተማ በ1919 ለዚህ ተባይ ሐውልት አቁማለች። ምክንያቱ ነቀዙ ጥጡን ሲያጠፋባቸው የአካባቢው አምራቾች ወደ ለውዝ ተሸጋግረው አተረፉ፤ ምስጋናቸውንም በድንጋይ ገለጡ። ለግብርና ባለሙያ ይህ ሰብል የማፈራረቅን ጥቅም የሚያሳይ ጥሩ ታሪክ ነው። ነገር ግን ሰብሉን መቀየር የቻለው ማን ነው? መሬትና ብድር ያለው፣ በማሳው ላይ የሚዘራውን ራሱ የሚወስን ሰው ነው። የእኩል አራሹ ይህ ውሳኔ በእጁ አልነበረም። ለእርሱ ተባዩ ይዞለት የመጣው ረኀብ ነበር፤ ሐውልቱም እርሱን አያስታውስም።

እርሱን ያስታወሰው ሎረንስ ነው። ጄኮብ ሎረንስ በ1917 በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡብ የፈለሱ ነበሩ። በ13 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ ሃርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር መኖር ጀመረ፤ ሥዕልንም በሰፈሩ ልጆች ማዕከል ውስጥ ተማረ። በዚያ ሰፈር በየቤቱ ከደቡብ የመጣ ሰው አለ። በየሳምንቱም አዲስ ዘመድ ሻንጣውን ተሸክሞ ይመጣል። ልጁ ያደገው ስለ ጥጥ ለቀማ፣ ስለ ባቡር ጉዞና ስለ ቀሩት ዘመዶች እየሰማ ነው።

እነዚህ ሰዎች የታላቁ ፍልሰት አካል ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን የሰሜኑ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲያጡ፣ በደቡብ ያለው ጥቁር ገበሬ እርፉን ጥሎ ባቡር ተሳፈረ። እስከ 1970 ድረስ ወደ 6 ሚሊዮን የሚደርሱ ጥቁሮች ከደቡብ ወጥተዋል። ፍልሰቱ የኑሮ ፍለጋ ብቻ አልነበረም። የመምረጥ መብት በተነፈገበት፣ ፍርድ ቤት በማይሰማበት፣ ማኅበር መመሥረት በጥይት በሚመለስበት ሀገር ለገበሬው የቀረው ተቃውሞ ጉልበቱን ይዞ መሄድ ነበር። ባለመሬቶቹ ይህን በሚገባ ተረድተዋል። ሠራተኛ የሚመለምሉ ሰዎችን ያስሩ፣ ተሳፋሪዎችንም ከባቡር ጣቢያ ያስይዙ ነበር።

ሎረንስ ይህን ታሪክ ለመሣል ሲነሣ ገና የ22 እና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ወጪውን የሸፈነለት በደቡብ ገጠር ለጥቁር ልጆች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ያገዘው የሮዘንዋልድ የገንዘብ ድርጅት ነው። በመጀመሪያ ወራትን በቤተ መጻሕፍት አሳለፈ፤ ስለ ፍልሰቱ የተጻፈውን አነበበ። ከዚያም እያንዳንዳቸው ወደ 30 በ45 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ 60 ሰሌዳዎችን አዘጋጀ። ከጊዜ በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ሠዓሊት ግዌንዶሊን ናይት ሰሌዳዎቹን በመለሰንና መግለጫዎቹን በማሰናዳት አገዘችው።

የአሠራሩ መንገድ ገበሬን የሚያስታውስ ነው። አንዱን ሥዕል ጨርሶ ወደ ሌላው አልሄደም። 60ዎቹን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ከጥቁሩ ቀለም ጀምሮ አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ይቀባል፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ወደ ደማቁ እየሄደ በሁሉም ሰሌዳ ላይ ይመላለሳል። አንዱን እርሻ አንዴ አርሶ፣ ደግሞ አይሞ፣ ከዚያ እንደ መሠለስ ያለ ነው። ስለዚህ በ1ኛው ሥዕል ያለው ሰማያዊ በ60ኛውም ያው ሰማያዊ ነው። ቀለሙ ራሱ ከወተት ፕሮቲን የሚበጅ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ነበር። በየሥዕሉ ሥር አጭር መግለጫ አለ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ የሚረዳው ዓይነት።

ሥዕሎቹ ምን ያሳያሉ? በመጀመሪያው ሰሌዳ በባቡር ጣቢያ የታጨቀ ሕዝብ ወደ ሦስት በሮች ይጋፋል፤ በበሮቹ ላይ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክ እና ሴንት ሉዊስ የሚሉ የከተማ ስሞች ተጽፈዋል። ከዚያ ሠዓሊው ወደ ኋላ ተመልሶ ምክንያቱን ይዘረዝራል። በ8ኛው ጎርፍ ነው። በ9ኛው ነቀዝ ያጠፋው ጥጥ ነው፤ ያ ሐውልት የቆመለት ነቀዝ። በ10ኛው ባልና ሚስት አንገታቸውን ደፍተው ከማዕድ ተቀምጠዋል፤ ሣህናቸው ባዶ ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል። በ13ኛው የሚሰበስበው ሰው አጥቶ የደረቀ ሰብል አለ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ የጥበብ ጸሐፊዎች በቶሎ አልፈውት ይሄዳሉ። ለገበሬ ግን ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት እርሱ ነው። የለፋበትን ሰብል በማሳ ትቶ የሚሄድ ሰው ምን ደርሶበት እንደሆነ ገበሬ ያውቃል።

14ኛው ሰሌዳ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ከፍ ካለ መቀመጫው ላይ እንደ ተራራ ተጎልቶ፣ ከሥሩ ሁለት ሰዎች አንሰው ይታያሉ። 15ኛው ደግሞ በደቡብ በጥቁሮች ላይ ይፈጸም የነበረውን የመንጋ ግድያ የሚመለከት ነው። ሕግ ሳይፈርድ ሰውን ከዛፍ ላይ መስቀል በዚያ ዘመን የተለመደ ወንጀል ነበር። ሎረንስ ግን የተሰቀለ ሰው አልሣለም። የሣለው አንድ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለ ባዶ ገመድ እና ከገመዱ አጠገብ ጎብጦ የተቀመጠ አንድ ሐዘንተኛ ነው። ሟቹ የለም፤ ገዳዮቹም የሉም።

ተቃውሞው ያለው በዚህ አሣሣል ላይ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የእንዲህ ዓይነት ግድያ ፎቶግራፎች እንደ ማስታወሻ ካርድ ይሸጡ ነበር፤ የሟቹ ሥጋ ለተመልካች መዝናኛ ሆኖ ነበር። ሎረንስ አስከሬኑን ባለመሣሉ ያን ተመልካች የሚያየውን ነገር ነሣው፤ ዓይናችንንም ወደ ሐዘንተኛው መለሰ። በአማርኛ ቅኔ ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን መሸሸግ የታወቀ ስልት ነው፤ የሎረንስ ስልት ግን ሌላ ነው። የሚሸሽገው ነገር የለም፤ ይልቁንም ማጋነንን ይተዋል። ስድብ የለበትም፤ በጭካኔ የተሣለ የጨቋኝ ፊት አይበዛበትም። ገመድ፣ ሣህን፣ ማሳ፣ ሻንጣ ብቻ። አንድ ባለመሬት ይህን አይቶ ውሸት ነው ማለት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሎረንስ ሰሜኑንም አላቆላመጠም። ከደቡብ የወጣው ገበሬ በሰሜን የጠበበ የኪራይ ክፍል፣ በሽታና ጥላቻ ጠብቆታል። በ49ኛው ሰሌዳ አንድ ምግብ ቤት አለ፤ ከመሐሉ የተዘረጋ ቢጫ ገመድ ነጮቹን ከጥቁሮቹ ይለያል። ቀጥለው ያሉት ሰሌዳዎች የጥቁሮች ቤቶች በቦምብ ሲመቱና በከተሞች የዘር ግጭት ሲነሣ ያሳያሉ። በ57ኛው አንዲት የልብስ አጣቢ እንጨት ይዛ በቀለማት የሞላ ልብስ ታገላብጣለች። በ58ኛው ሦስት ሴት ልጆች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። ያ ሁሉ መከራ የተከፈለው ለዚህች ለመጨረሻዋ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ በ24ኛው ሰሌዳ ሕፃናት በደቡብ ከትምህርት ርቀው ሸክም ተሸክመው ታይተዋልና።

ሥራው በ1941 ለሕዝብ ታየ። ፎርቹን የተባለው የታወቀ የንግድ መጽሔት ከ60ዎቹ 26ቱን በቀለም አተመ። በቀጣዩ ዓመት ሁለት ተቋማት ገዙት፤ ግን ተካፈሉት። ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን ዋሽንግተን የሚገኘው የፊሊፕስ ሙዚየም፣ ተጋማሾቹን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ወሰዱ። አንድን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ለሁለት ቤት እንደ ማከፋፈል ያለ ሥራ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ማየት የሚቻለው ሁለቱ ሙዚየሞች ሲዋዋሱ ብቻ ነው። ሠዓሊው ግን ሥዕሎቹ በታላቅ ሙዚየም ከተሰቀሉ በኋላም ከመድልዎው አላመለጠም። በ1943 ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሠራዊት ሲመለመል የተሰጠው መነሻ ማዕረግ መኮንኖችን የሚያስተናግድ አገልጋይ የሚል ነበር፤ ለጥቁሮች በአብዛኛው የተፈቀደው ይህ ነበርና።

ስለ ሃርለም ሲነሣ የእኛም ስም ይነሣል። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በ1935 የሃርለም ነዋሪዎች ለኢትዮጵያ ድጋፍ በሺህዎች ሆነው አደባባይ ወጥተዋል። ሎረንስ ያኔ በዚያው ሰፈር የሚኖር ወጣት ነበር። በ1937 ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ መሠረቱ። ዶክተር መላኩ የተማሩት ዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ ነበር። ሁለተኛዋ ሠዓሊያችንም ከዚሁ ተቋም ወጥታለች።

ኤልዛቤት ካትሌት በ1915 ዋሽንግተን ተወለደች፤ አያቶቿ በባርነት የኖሩ ነበሩ። ወደ አንድ የታወቀ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ለመግባት ፈተና አልፋ በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ተከለከለች። ስለዚህ በሃዋርድ ተማረች፤ በ1935 ተመረቀች። ከዚያም በቆሎ አብቃይ በሆነው በአዮዋ ግዛት ገበሬዎችን በመሣል ከሚታወቀው ግራንት ውድ ዘንድ ተማረች። መምህሩ የምታውቀውን እንድትሠራ መከራት። የምታውቀው ጥቁር ሴቶችን ነበር።

ካትሌት በ1946 ወደ ሜክሲኮ ሄደች፤ በዚያም ለሕዝብ የሚሆን የኅትመት ሥዕል ከሚሠራ የሠዓልያን ማኅበር ጋር ተቀላቀለች። ስልቱ ቀላል ነው። ለወለል ንጣፍ የሚያገለግል ለስላሳ ሊኖሌም በስለት ይቀረጻል፤ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ተጭኖበት ይነሣል። ከአንድ ቅርጽ ብዙ ቅጂ ይወጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የዘይት ቀለም ሥዕል አንድ ባለጸጋ ገዝቶ ከቤቱ ይሰቅለዋል፤ የሊኖሌም ኅትመት ግን ብዙ ድሃ ቤት ሊገባ ይችላል።

በ1952 የሠራችው ዝነኛ ኅትመት ስሙ ‹የእኩል አራሽ› ነው። አንዲት ባለ ሽበት ሴት ሰፊ የሣር ባርኔጣ አድርጋ በጎን ትመለከታለች። ፊቷ እንደ ታረሰ መሬት በስለት ትልም ተሞልቷል። የካፖርቷ ቁልፍ የለም፤ አንገቷ ሥር በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ያቺ መርፌ ቁልፍ የዱቤ መዝገቡን ሁሉ ትተርካለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ለቅማ ሌላውን ዓለም ያለበሰች ሴት ለራሷ ልብስ ቁልፍ መግዣ አጥታለች። ሆኖም ካትሌት ሴትየዋን አሳዛኝ አድርጋ አልቀረጸቻትም፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ከሩቅ ጥላለች። ተመልካቹ ከታች ወደ ላይ ያያታል።

ለዚህ ሥራ የተከፈለ ዋጋ አለ። ካትሌት በፖለቲካ አቋሟ ምክንያት በአሜሪካ መንግሥት ዓይን ውስጥ ገባች። በ1962 የሜክሲኮ ዜግነት ስትወስድ አሜሪካ የማትፈለግ የውጭ ሰው ብላ ፈረጀቻት። ከዚያ በኋላ ወደ ተወለደችበት ሀገር ለመግባት ለዓመታት ተከልክላለች፤ በ1971 በሃርለም የሥራዎቿ ዐውደ ርእይ ሲከፈት ልዩ ፈቃድ አስፈልጓት ነበር። የአሜሪካ ዜግነቷ የተመለሰላት በ2002፣ በ87 ዓመቷ ነው። በ2012 በሜክሲኮ ዐረፈች። በተማረችበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ለ30 ዓመታት ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሥዕል አስተምሯል።

ሎረንስ በ2000 ሲያትል ውስጥ ከማረፉ በፊት፣ በ1993 የ60ዎቹን ሥዕሎች መግለጫ እንደገና ጽፏቸዋል። ከ50 ዓመታት በላይ አልፎ ስለነበር ጥቁሮች የሚጠሩበት ቃል ራሱ ተለውጦ ነበር። ሥዕሎቹን ግን አልነካቸውም። ሁለቱ ሙዚየሞች 60ዎቹንም ከነመግለጫቸው በድረ ገጾቻቸው አስቀምጠዋቸዋል፤ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ሰው በነጻ ሊያያቸው ይችላል። መግለጫው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለ9ኛው፣ ለ10ኛውና ለ13ኛው ግን ተርጓሚ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።